ማን ይምጣለት?

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ነው። አለቃዬ ሚስተር ቤል በር ላይ ጠብቀው አንድ ጥቅል ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡና «ይሄ ከጠፋብሽ የሕንፃው ቁልፍ በሙሉ ይቀየራል። ስለዚህ አይጥፋብሽ» አሉኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ያሉኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነበር። ቦታው ኦክላንድ አካባቢ ያለ ጁቨናይል ሆል ነው፤ የካውንቲውን ስም ልተወው። ጁቨናይል ሆል ማለት ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች የሚታሰሩበት ቤት ነው። እስር ቤት ግን አይባልም። ልጁም እስረኛ አይባልም፣ ማይነር ነው የሚባለው። የሚያድርበትም ክፍል እንጂ ሴል አይደለም። በሩ የሚቆለፈው ግን ከውጭ ነው። እነዚህን ቃላት የተማርኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ስሳሳት ያርሙኝ ነበር።

የኔ ክፍል ኢንቴክ ይባላል፤ መቀበያ ማለት ነው። ፖሊስ ልጁን ይዞ ይመጣል። እኔ ካቴናውን አስፈታለሁ፣ ቀበቶውንና የጫማውን ክር አስወልቄ በወረቀት ከረጢት አስቀምጣለሁ፣ በፖላሮይድ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ወለሉ ላይ በብሎን የተጠበቀ አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ወይ ለቤተሰቡ አስረክበዋለሁ፣ ወይ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ። ወደ ውስጥ የገባ ልጅ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ አይወጣም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ዳኛ የለም።

ሚስተር ቤል ሥራውን ሲያስረዱኝ ሦስት ጣት አወጡ። «ሦስት ነገር ትጠይቂያለሽ። ምን አደረገ? ከዚህ በፊት መጥቶ ያውቃል? ማን ይምጣለት? ነገሩ ሰው መግደል፣ መሣሪያ ምናምን ካልሆነ በቀር የሚወስነው ሦስተኛው ነው።»

«ለምን?» አልኳቸው።

«ልጅን ለአየር አናስረክብም።»

የመጀመሪያው ልጅ የመጣልኝ ከምሳ በፊት ነው። ብስክሌት ወስዶ ነው። «እናትህ የት ናት?» አልኩት። «ሥራ» አለኝ። «የት ነው የምትሠራው?» «ሥራ ቦታ።» ሌላ አላወጣሁም። እሱ ግን ደረቴ ላይ ያለውን ስም ሊያነብ ሞከረ። ምንትዋብ ይላል። ትንሽ ታገለና «ሚስ ሚንት» አለኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ሚስተር ቤል ሳይቀሩ ሚስ ሚንት ይሉኝ ጀመር። ሚንት የከረሜላ ዓይነት ነው፤ አልተከፋሁም።

ከዚያ በፊት ሳን ሆዜ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ካሸር ነበርኩ፤ ማታ ማታ ደግሞ ኮሌጅ እማር ነበር። ሥራ መቀየሬ በሀበሻው ዘንድ ቶሎ ተሰማ። ቤተክርስቲያን በር ላይ አንዲት ሴትዮ ያዘችኝ።

«ፖሊስ ሆንሽ አሉ» አለችኝ።

«አልሆንኩም።»

«ልጆች ታስሪያለሽ ነው የሚሉት።»

«እሱ እውነት ነው» አልኳት።

ያን ክረምት አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ፤ ማየት እንኳን አይባልም፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ነገር ነው። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ጥቁር ልጆች ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ ሜክሲኮዎች። ወደ ቤቴ ስሄድ በመንገዱ፣ በሱቁ፣ በባቡሩ የማየው ሕዝብ ግን እንደሱ አልነበረም። ነጭ ልጅ የመጣ ቀን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ቀና ይላል፣ ተሳስቶ የገባ ይመስል።

ሚስተር ቤልን ጠየቅኳቸው። እሳቸው ራሳቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ኦክላንድ ተወልደው ኦክላንድ አርጅተዋል። «የነጭ ልጆች አያጠፉም?» አልኳቸው።

ሳንድዊቻቸውን እየበሉ ነበር። አኝከው ዋጡና «ያጠፋሉ እንጂ» አሉ። «መንገዱ ነው የሚርቃቸው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ልጅ ከጥፋቱ ተነስቶ የኔ አግዳሚ ላይ እስኪደርስ ብዙ ሰው ያልፋል። የሱቁ ጠባቂ አለ፣ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አለ፣ ፖሊሱ አለ። ከነዚህ አንዱ «ተወው፣ ወደ ቤቱ ይሂድ» ካለ ልጁ እኔ ጋ አይደርስም። ለአንዳንዱ ልጅ ሁሉም ይሉለታል። ለአንዳንዱ ማንም አይልም።

ስልክ መደወል ያስተማረችኝ ግሎሪያ ናት። ግሎሪያ ሳን ሆዜ የተወለደች ሜክሲኳዊት ስትሆን ከኔ በፊት ብዙ ዓመት ኢንቴክ ሠርታለች። «ሥራ ቦታቸው ስትደውዪ ከየት እንደሆንሽ ለወላጁ እንጂ ለማንም አትናገሪ» አለችኝ። «ጁቨናይል ሆል ነኝ ያልሽ እንደሆነ እናትየውን ለማባረር ምክንያት ሰጠሽ ማለት ነው። ስለ ልጅዋ ነው በይ። ያ ይበቃል።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ጸሐፊ ያለው አባት በአንድ ስልክ ይገኛል። ጸሐፊዋ «አንድ ጊዜ» ትልና ታገናኛለች። ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ፣ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የምትቆም እናት ግን ስልኩ አጠገቧ የለም። ስልኩ አለቃዋ ጋ ነው። አለቃዋ ደግሞ ሥራ አለው። ልጁ ባጠፋው ሳይሆን እናቱ ከስልክ ባላት ርቀት ሲገባና ሲወጣ አየሁ። ይሄንንም ለሚስተር ቤል ነገርኳቸው። «አሁን ሥራውን ለመድሽ» አሉኝ።

አሁን ወደምነግራችሁ ቀን ልምጣ። ዓርብ ከሰዓት ነበር።

አንድ ወጣት ፖሊስ ሁለት ልጆች ይዞ ገባ። ኦክላንድ አጠገብ ካለችው ከኤመሪቪል ነው የያዛቸው፣ ከአንድ ትልቅ ሱቅ መኪና ማቆሚያ። ቁልፏ ሳይነቀል ሱቅ ደጃፍ የቆመች መኪና አግኝተው ወጡባት፣ ትንሽ ዞሩ፣ አንድ ምሰሶ አስነኳት፣ ተያዙ። ሪፖርቱን አነበብኩ።

«ሦስት ልጆች ይላል» አልኩት።

«አዎ።»

«እኔ የማየው ሁለት ነው።»

«ሦስተኛውን አባቱ መጥቶ ወሰደው። ቢሮው እዚያው ነው፤ መንገድ ተሻግሮ ነው የመጣው።»

«ማን ደወለለት?»

«እኔ። ልጁ ቁጥሩን ነገረኝ።»

«የነዚህስ?»

«አንቺ ትደውያለሽ ብዬ ነዋ። ሥራሽ አይደል?»

«ነው» አልኩ። «ሦስተኛው ልጅ መኪናው ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

ሪፖርቱን ከእጄ ወስዶ አየ። ራሱ ነው የጻፈው፣ ግን አየ። «እየነዳ ነበር» አለኝ።

ስኮት ይባላል፣ ነጭ ልጅ ነው፣ የነዚህ የክፍል ጓደኛ። ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም። የልጆቹን ካቴና ሲፈታ እንዳያማቸው ተጠንቅቆ ነው፤ ሲወጣም ደህና ዋሉ ብሏቸዋል። ስለዚያ ቀን ሳስብ እስካሁን የሚያስቸግረኝ እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

አንደኛው ልጅ ዮናታን ታደለ ይባላል። ስሙን ሳይ «ሀበሻ ነህ?» አልኩት በአማርኛ። «ወላጆቼ ናቸው» አለኝ በእንግሊዝኛ። ሁለተኛው ኬቨን ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጥቁር አሜሪካዊ። ሁለቱም አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። ከዚህ በፊት መጥተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ፈተሽኩ። ዮናታን መዝገብ ውስጥ የለም። ኬቨንም መጥቶ አያውቅም፤ ግን አንድ ጊዜ አውቶቡስ እየጠበቀ ሳለ ፖሊስ አስቁሞ ስሙን መዝግቦታል። ምን አድርጎ እንደሆነ አልተጻፈም። አውቶቡስ መጠበቁ ግን ተጽፏል።

የዮናታን አባት አቶ ታደለ ሳን ሆዜ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳሉ። መሥሪያ ቤታቸው በሬዲዮ ጠርቶ ነገራቸው፤ እሳቸው ከመንገድ ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ ሞተ?» አሉኝ።

«አልሞተም፤ ደህና ነው። ተይዞ እኔ ጋ ነው ያለው።»

«ተመስገን ጌታዬ!» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ተይዞ አልሽኝ?» አሉ።

ቀጥሎ የኬቨን እናት ነበረች። ኬቨን ከአግዳሚው ተነስቶ «ሥራ ቦታ አትደውይላት» አለኝ። «ባለፈው ትምህርት ቤቱ ደውሎ ተቆጥተዋታል።» ቁጭ በል አልኩትና ደወልኩ። ስሟ ዴኒስ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ ሬድውድ ሲቲ በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራለች። ስልኩን ያነሳው የወጥ ቤቱ ኃላፊ ነው።

«የግል ስልክ አናገናኝም» አለኝ።

«ስለ ልጅዋ ነው።»

«ሞት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው መልዕክት ተይ። ስትወጣ ይደርሳታል።»

መልዕክት ተውኩ። ስትወጣ እኔ ከሥራ ወጥቻለሁ፤ ኬቨን ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ዳኛ ደግሞ እስከ ሰኞ የለም። መልሼ ደወልኩ። በሁለተኛው አልተነሳም። አክስት አለህ? አልኩት ኬቨንን። አላባማ አለች አለኝ። አጎት? የለም። ጎረቤት? ጎረቤቶቹ ሥራ ናቸው።

አቶ ታደለ የደወሉላቸው የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ቀድመዋቸው ደረሱ። ኦክላንድ ስለሚኖሩ ቀረባቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ገቡ። ሀበሻ መሆኔን ሲያውቁ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«እህቴ፣ ጌታ እኮ ነው አንቺን እዚህ ያስቀመጠሽ!»

«ካውንቲው ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ይቀመጡ።»

አቶ ታደለ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። ለልጃቸው ሰላምታ አልሰጡም፤ ዓይኑን ብቻ ፈልገው አይተው ወደኔ መጡ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አነበቡና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አቆሙ።

«እዚህ ጋ ጥቁር ይላል።»

«አዎ።»

«እኛ ኢትዮጵያውያን ነን።»

«ኢትዮጵያዊ የሚል ሳጥን የለም። ሌላ የሚል አለ። ወደሱ ላዙረው?»

«ሌላ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከታወቁት ውጭ ማለት ነው።»

አሰቡ። «ተይው» አሉኝ። ፈረሙ።

ጋሽ መኮንን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጃችን ከነሱ ጋር ገጥሞ ነው እህቴ» አሉ። «እኛ እንደነሱ አይደለንም፤ ታውቂያለሽ።» በአገጫቸው የጠቆሙት ኬቨንን ነው። ኬቨን አማርኛ አይችልም። ግን የተጠቆመበት ሰው ቋንቋ አያስፈልገውም፤ አንገቱን ደፋ።

የዮናታንን ከረጢት አውጥቼ ሰጠሁት። ቀበቶውን አሠረ። የጫማውን ክር ግን እጁ ላይ ጠቅልሎ ያዘና ተመልሶ ኬቨን አጠገብ ተቀመጠ።

«ተነስ እንጂ» አሉት አባቱ።

«ኖ፣ ዳድ።»

«ምን?»

በእንግሊዝኛ ነው የመለሰው፤ ቀስ ብሎ። «ኬቨንን ሳይዙ አልሄድም። ዓርብ ነው። እስከ ሰኞ ሊያስገቡት ነው።»

«እሱን የሚወስደው የራሱ ቤተሰብ ነው!»

«እናቱ ሥራ ናት። ስልክ አያገናኙላትም። እጄ የተሰበረ ጊዜ ሆስፒታል የወሰደችኝ እሷ ናት፣ ዳድ። እናንተን ስናጣ እሷ ናት ይዛኝ የዋለችው።»

አቶ ታደለ ግራ ገባቸው። «የትምህርት ቤቱ ነርስ ናት ብለኸኝ አልነበር?»

«ነርስ ያልከው አንተ ነህ። እኔ ሚስ ዴኒስ ነው ያልኩህ።»

ሚስተር ቤል አማርኛውንም ሆነ የቤቱን ጉዳይ አያውቁም፤ ግን ከወረቀታቸው ቀና ብለው ያዩ ነበር።

አቶ ታደለ ወደኔ ዞሩ። «እህቴ፣ እናቱ ብትመጣ ይለቀቃል?»

«አሁን ከመጣች አዎ። ፈረቃችን ካለቀ ግን የሚቀጥለው ኃላፊ ያስገባዋል። ሕጉ ነው።»

«የት ነው የምትሠራው?»

«እኔ ልነግርዎት አይፈቀድልኝም።»

«ሬድውድ ሲቲ» አለ ዮናታን። «ወጥ ቤቱን በጓሮ በር አውቀዋለሁ።»

ጋሽ መኮንን «ታደለ፣ ዓርብ ነው፣ ድልድዩ ይዘጋጋል…» ብለው ጀመሩ። አቶ ታደለ አላስጨረሷቸውም። «ዕድሜ ልኬን ሰው ሳመላልስ ኖሬ ለዚህች ሴትዮ ድልድይ ራቀኝ ልበል?» አሉ። ልጃቸውን በትከሻው ያዙና ወጡ። ዮናታን የጫማውን ክር አላሠረም ነበር፤ እየጎተተ ሄደ።

ጋሽ መኮንን ቀሩ። መኪና አልያዙም፤ የመጡት በአውቶቡስ ነው። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ኬቨን አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ በሚችሉት እንግሊዝኛ «ትጸልያለህ?» አሉት።

«አንዳንዴ» አለ ኬቨን።

«አሁን ምን ብለህ እየጸለይክ ነው?»

«እናቴ እንዳትሰማ።»

ጋሽ መኮንን ሳቁ። መሳቃቸውን ለመደበቅ አፋቸውን በመጽሐፍ ቅዱሱ ሸፈኑ። «ይሄኛው የሚሰማ ጸሎት አይደለም» አሉት። ከኪሳቸው ማስቲካ አውጥተው ለሁለት ቆርሰው አካፈሉት። ማስቲካ መስጠት ክልክል ነው። ሚስተር ቤል አይተው መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

የፈረቃው ሰዓት ደረሰ። የማታዋ ኃላፊ ገብታ «ይሄኛው ምንድን ነው፣ አይገባም?» አለች። ሚስተር ቤል «ወረቀቱ አላለቀም» አሏት። ሚስተር ቤል በአሥሩም ጣታቸው የሚተይቡ ሰው ናቸው። ያን ቀን የተየቡት በአንድ ጣት ነው። አንዱን ገጽ ጨርሰው አነበቡት፣ ስህተት አገኙበት፣ አወጡት፣ ሌላ ወረቀት አስገቡ። የማታዋ ኃላፊ ቡና ልትቀዳ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ እሳቸው የኬቨንን የአባት ስም እየጻፉ ነበር።

ሚስ ዴኒስ የገባችው የወጥ ቤት ሽርጧንና የፀጉር መረቧን እንዳደረገች ነው። ከኋላዋ አቶ ታደለና ዮናታን። አልጮኸችም። ልጅዋ ፊት ቆመችና «ተነስ» አለችው። ተነሳ። ከሷ ይረዝማል። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኙን አገላብጣ አየችው። ቁስል እየፈለገች መሰለኝ።

ከዚያ ወደኔ መጣች። «እኔን ለማግኘት ምን አቃታችሁ?» አለችኝ። «ቁጥሬን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ፣ ለሐኪሙ ሰጥቻለሁ፣ እሱም ያውቀዋል።»

«ደውዬ ነበር። ኃላፊው ሞት ነው ወይ አለኝ፤ አይደለም አልኩት።»

አየችኝ። «እንደዚያ ከሆነ ትክክል ነሽ» አለችኝና ፈረመች። ሥራ ጥላ በመውጣቷ በነጋታው ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ያን የሰማሁት በኋላ ከአቶ ታደለ ነው።

ነገሩ በዚህ አላለቀም፤ ፍርድ ቤቱ ገና ነበር። ሁለቱ ልጆች አብረው ስለተያዙ ጉዳያቸው አብሮ ተሰማ። ሚስተር ቤል ወረቀት አድርሺ ብለው ላኩኝ። ወረቀቱ በፖስታ ቢሄድም ይደርስ ነበር።

የፍርድ ቤቱን ሪፖርት የሚያዘጋጀው ሌላ ክፍል ነው። የሪፖርቱ ጸሐፊ ልጆቹን አንድ አንድ ጊዜ አነጋግሯቸዋል። ዮናታንን በተመለከተ ሁለት ወላጆች አሉት፣ ቤተክርስቲያን ይሄዳል፣ ማኅበረሰቡ ከጎኑ ነው ይላል፤ ስለዚህ ያለ ክስ ክትትል ይበቃዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ለተወሰነ ጊዜ ካላጠፋ መዝገቡ ይዘጋል። ኬቨንን በተመለከተ ደግሞ አባቱ የለም፣ ከፖሊስ ጋር የቀደመ ግንኙነት አለው፣ በተያዘበት ዕለት እናቱ ልትገኝ አልቻለችም ይላል፤ ስለዚህ ዋርድ ይሁን። ዋርድ ማለት ፍርድ ቤቱ ለልጁ እንደ አባት ሆነ ማለት ነው። የቀደመው ግንኙነት አውቶቡስ መጠበቁ ነው።

ሚስ ዴኒስ የእሑድ ልብሷን ለብሳ ነበር። «ልትገኝ አልቻለችም» የሚለው ሲነበብ ቦርሳዋን ከአንዱ ጭኗ ወደ ሌላው አዛወረች። የኬቨን ጠበቃ ልጁን ያገኘው ጠዋት ኮሪደር ላይ ነው፤ ገጽ እያገላበጠ ነበር። እኔ ደግሞ ካልተጠየቅሁ አልናገርም፤ ደንቡ ነው።

አቶ ታደለ ተነሱ።

ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩአቸው። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«የዮናታን አባት። ታክሲ ነው የምነዳው።»

«ስለ ልጅዎ የሚሉት አለ?»

«ስለሱ የለኝም። ስለ ሌላኛው ነው። እናቱ አልተገኘችም ይላል። እኔ አግኝቻታለሁ። ሥራ ላይ ነበረች። እኔም ስፈለግ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እኔ ግን ተገኘ ተባልኩ።»

እንግሊዝኛቸው የአየር ማረፊያ እንግሊዝኛ ነው፤ አጭርና ጮክ ያለ። ሁሉም ሰማ። የዳኛው ዓይን እኔ ላይ አረፈ።

«ኢንቴክ ነሽ?»

«አዎ፣ ክቡር ዳኛ።»

«እናትየዋ ተገኝታ ነበር?»

«ራሷ መጥታ ፈርማ ወስዳዋለች። በዚያው ቀን።»

ዳኛው ገጹን መልሰው አነበቡ። የሪፖርቱን ጸሐፊ አልተቆጡም፤ ማንንም አልተቆጡም። እስክሪብቷቸውን አንስተው አንድ መስመር ሰረዙና ለሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁን አሉ፤ ያለ ክስ ክትትል።

አቶ ታደለ አሁንም ቆመዋል።

«ሌላ አለ?» አሉ ዳኛው።

«ሦስተኛውስ?»

«የቱ ሦስተኛ?»

«መኪናውን የነዳው።»

ዐቃቤ ሕጓ ገጿን ገለጠች። «በሱ ላይ የቀረበ ነገር የለም» አለች። ዳኛውም የሚቀጥለው ጉዳይ ይቅረብ አሉ። አቶ ታደለ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ መውጣት እንዳለባቸው ገባቸውና እንደገና ተነሱ። መኪናውን የነዳው ልጅ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነበር። ኬቨንና ዮናታን ቀሪ ተብለው ተመዘገቡ።

ኮሪደሩ ላይ ሚስ ዴኒስ የአቶ ታደለን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ዮናታንና ኬቨን ከመሸጫው ማሽን ቺፕስ ለማውጣት ይታገሉ ነበር። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ አግዳሚው ላይ ሦስት ልጆች ይጠብቁኝ ነበር። የትኞቹ ልጆች እንደነበሩ መናገር አያስፈልግም።

ጋሽ መኮንን ከዚያ በኋላ አልቀሩም። የጣት አሻራ ሰጥተው፣ በጎ ፈቃደኛ የሚል ካርድ አንጠልጥለው ዓርብ ዓርብ ይመጡ ነበር። ሥራቸው ወላጅ እስኪመጣ ድረስ ከልጆቹ ጋር መቀመጥ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሊሰብኩ ሞክረው ነበር፤ ልጆቹ ቅርጫት ኳስ አስተማሯቸው። ማን በየትኛው ቡድን እንደሚጫወት ከኔ የበለጠ ያውቁ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሀበሻ አባት መጥቶ «ልጄ ከነዚህ ጋር ገጥሞ ነው» ሲል ጋሽ መኮንን «ከነማን?» አሉት።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ካውንቲው አንድ ባለሙያ አምጥቶ ስልጠና ሰጠን። ባለሙያው ባለቀለም የቁጥር ሥዕሎች ግድግዳው ላይ አበራ። ጥቁር ልጆች ከድርሻቸው በላይ ይታሰራሉ አለ። ክሯሳን የሚባል የፈረንጅ ዳቦ በልተን ነበር፤ ጥሩ ነው። «ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቀ። ሚስተር ቤል እጃቸውን አወጡ። «እስካሁን የጠየቀን አልነበረም» አሉ። ባለሙያው በጣም አመሰገናቸው፤ ጻፈውም።

ሚስተር ቤል ጡረታ ሲወጡ እኔ ወደ ሳን ሆዜ ተዛወርኩ። ሕንፃው ሌላ ነው፣ አግዳሚውም ሌላ ነው። እዚያ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ስፓኒሽ የሚናገሩ ልጆች ናቸው፤ ቬትናሞችም አሉ። ነጭ ልጅ ሲመጣ እዚያም ሠራተኛው ቀና ይላል። ግሎሪያ ያስተማረችኝን ለአዲሶቹ አስተማርኩ። አንዳንዶቹ ስልክ መደወል ሲበዛባቸው «እኛ የቤተሰብ ፍለጋ ቢሮ ነን እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ነን እላቸው ነበር።

ኬቨን አሁን ማውንቴን ቪው ውስጥ የቢሮ ሕንፃዎችን አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ዮናታን ነርስ ነው። ኬቨን ሲያገባ ሚዜው ዮናታን ነበር፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። ሚስ ዴኒስና አቶ ታደለ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ድልድዩ ዛሬም እንደሚዘጋጋ ሲያወሩ ሰማሁ። ስኮት ምን እንደሆነ አላውቅም። በኛ መዝገብ ውስጥ የለም።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣት ሠራተኞች ምክር ንገሪን ስላላችሁኝ የማውቀውን ልናገር። «ወላጅ አልተገኘም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ወላጁ የት እንዳለ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ ነው።